ዳማው ላይ የተነጠፈው ቁርበት

«ታዲያ ማን ገዛው?»

«ሌላ ፋብሪካ።»

«ፋብሪካ ደግሞ ፋብሪካ ይገዛል?»

«ይገዛል እንጂ! ሁለቱ አንድ ሆነዋል ነው የሚለው ደብዳቤው። የድሮው ስም ቀርቶ አዲስ ስም ወጥቶላቸዋል።»

«ስሙ ይቅር ግራዝማች፣ ስም አልጠየቅሁም። ብረቱን የሠሩት ሰዎች የት ገቡ?»

«እኔ ምን አውቄ! ባሕር ማዶ ያለ ሰው የት እንደገባ ዳንግላ ቁጭ ብዬ ልንገርህ?»

«እንግዲህ ካልሞቱ አሉ ማለት ነው። ካሉ ደግሞ እጃቸው የለመደውን አይረሳም። አንድ ጊዜ ይጻፍላቸው።»

«አራት ጊዜ ተጽፎላቸዋል!»

«አምስተኛ ይጻፋ።»

ግራዝማች ዘገየ ደብዳቤውን አጣጥፈው ጉልበታቸውን መቱበት፤ ከዚያ ለእኔ ወረወሩልኝ። «እስቲ አንተ አንብብለት። ከእኔ ሲሰማው ውሸት ይመስለዋል።»

ሳነበው ለሦስተኛ ጊዜ ነበር። ደብዳቤው አዲስ አበባ ካለው የፋብሪካው ወኪል የመጣ ነው። መኪናውን የሠራው ኩባንያ ከሚበልጠው ኩባንያ ጋር መዋሐዱን፣ በግራዝማች እጅ ያለው ዓይነት የእህል ማጨጃና መውቂያ ከእንግዲህ እንደማይሠራ፣ መለዋወጫውም ከመጋዘን ማለቁን ይገልጻል። አሮጌውን ቢመልሱ አዲሱን በቅናሽ ያገኛሉ ይላል። ሲጨርስ «በታላቅ አክብሮት» ይላል።

የመኪናው ኃላፊ አያ ይስማው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ በመጋዘኑ ጥግ ወደቆመው ግዙፍ ብረት ዞር ብለው በአገውኛ አንድ ነገር አሉት።

«ምን አልከው?» አሉ ግራዝማች እየሳቁ።

«አትስማ ነው ያልኩት» አሉ አያ ይስማው። እሳቸው አልሳቁም።

አያ ይስማው መሞታቸውን የሰማሁት በቅርቡ ነው፤ ከአንድ ጋሪ ነጂ። በመጨረሻ ዘመናቸው ኮሶበር ላይ በተከራዩት አንድ ክፍል ቤት ፋኖስና ቁልፍ እየጠገኑ ይኖሩ ነበር። ሁለት ቀን ሳይታዩ ቢውሉ ጎረቤት ገብቶ አገኛቸው። ጋሪ ነጂው ስማቸውን እንኳ አያውቀውም። «ያ የዳማው ሰውዬ ሞተልህ» ነው ያለኝ፣ የፈረሱን ልጓም እየፈታ። ቀብሩ ላይ ማን ማን ነበር ብዬ ጠየቅሁት። «ቄሱና ጥቂት የሰፈር ሰው» አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ እሳቸው ግጥም ለመጻፍ ስንት ጊዜ ተቀመጥኩ መሰላችሁ። ቤቱ ይመታል፤ እሳቸው ግን ውስጡ የሉም። ስለዚህ በስድ ንባብ ልሞክረው።

ዳማው ማለት መኪናው ነው። ግራዝማች የገዙት ከአንድ የውጭ አገር ሰው ነበር። ሰውዬው ከዳንግላ በታች ባለው ሜዳ በሰፊ እርሻ ሊከብር መጥቶ፣ ሁለት ክረምት ከጭቃው ጋር ታግሎ፣ ተሸንፎ ሄደ። መኪናው ያኔም አሮጌ ነበር። ቀይ ቀለሙ በፀሐይና በዝናብ ደብዝዞ የዳማ ፈረስ መልክ ስለያዘ ገበሬው «ዳማው» አለው። የተሠራው በትራክተር እየተጎተተ፣ በሄደበት እያጨደ እየወቃ እንዲሄድ ነው። በእኛ አገር ግን ማሳው ጠባብ፣ ድንጋዩ ብዙ ስለሆነ ማጨጃው በመጀመሪያው ዓመት ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ ዳማው በየመንደሩ እየተጎተተ ሄዶ አንድ ቦታ ይቆማል፤ ገበሬው በማጭድ አጭዶ የከመረውን ነዶ እያመጣ ያጎርሰዋል፤ እሱ ይወቃል። ግራዝማች ከተወቃው ላይ ድርሻቸውን ይወስዳሉ።

ይህን ያስለመዱት አያ ይስማው ናቸው። የባንጃ ገበሬ ልጅ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ባሕር ዳር ከአንድ ግሪክ መካኒክ ዘንድ ሠርተው ሞተር ተምረዋል። በመጀመሪያው ዓመት አንድም ሰው ነዶውን ለዳማው አልሰጠም። «በብረት ሆድ የገባ እህል በረከት የለውም» አሉ ሽማግሌዎቹ። አውድማ በእበት የተለቀለቀ፣ ጫማ የማይረግጠው፣ እህል ጮክ ተብሎ የማይቆጠርበት ስፍራ ነው። ይህ ደግሞ ናፍጣ የሚተፋ ጋሪ ነው። አያ ይስማው አልተከራከሩም። አንድ ጠዋት ከግራዝማች በረት እበት ተሸክመው ሄደው ዳማው የሚቆምበትን መሬት በእጃቸው ለቀለቁት። እስኪደርቅ ድረስ ጥላ ሥር ተቀምጠው ጠበቁ። ከዚያ ጫማቸውን አውልቀው ዳር አስቀመጡና በባዶ እግራቸው ዳማው ላይ ወጡ። ሞተሩ ሲነሣ የቆመው ሰው ሁሉ የሚያየው እግራቸውን ነበር። በማግስቱ አንድ ሽማግሌ አምስት ሸክም ነዶ አመጡ። በሳምንቱ ወረፋ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ዳማው ላይ ጫማ አድርጎ የወጣ የለም። ግራዝማች አንድ ጊዜ ከነቡት ጫማቸው መወጣጫው ላይ እግራቸውን ቢያሳርፉ አያ ይስማው ሞተሩን አጥፍተው እጃቸውን አጣምረው ቆሙ።

«ምን ሆነሃል?»

«ምንም። እርስዎን እየጠበቅሁ ነው።»

ግራዝማች ሰው ፊት ተሳደቡ። ጫማቸውን ግን ፈቱ።

አጭርና ደረተ ሰፊ ነበሩ፤ የቀኝ እጃቸው ሌባ ጣት ጫፉ የለም። አንድ የወይራ ዱላ ከእጃቸው አይለይም፤ ሲሄዱ ግን አይደገፉበትም። አንዱን ጫፍ ብረቱ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡበታል። በዚያ ሰዓት የሚያናግራቸው ሰው ካለ በእጃቸው ይገቱታል። «ቆይ፣ አታቋርጠው። እየተናገረ ነው።» ከዚያ ይህ ኩሽኔታ ግራሶ ፈልጓል፣ ያ ቺንጊያ ላልቷል ይላሉ፤ ሲፈታ እንዳሉት ይገኛል። «ጠገንኩት» ሲሉ ግን ሰምቼ አላውቅም። እንዴት ሆነ ሲባሉ «ተስማምተናል» ነው የሚሉት።

ሚስት አላገቡም። እናትና አባታቸው ሲሞቱ ታናሽ እኅታቸውን ሙሉን በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉ እሳቸው ናቸው፤ እስክትዳር ድረስ ቤታቸው ሌላ ሴት አልገባም። ብሎንና ሽቦ የሚሸጥላቸው የዳንግላው ባለሱቅ አህመድ አንድ ቀን፣ «ይስማው፣ ይህ መኪና ከሚስት በለጠብህ» ቢላቸው «ሚስት የለኝም» አሉት። «እኔስ ምን አልኩ!» አለ አህመድ። አያ ይስማው ከልባቸው ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ዓይናቸውን በዘይት እጃቸው ጠርገው ቀኑን ሙሉ ፊታቸው ጥቁር ሆኖ ዋለ።

እኔ ያኔ ገበያው ዳር ከአንድ ዋርካ ሥር ለሰው ማመልከቻ እየጻፍኩ የምኖር ጎረምሳ ነበርኩ። ለፋብሪካው የሄዱትን ደብዳቤዎች የጻፍኩት እኔ ነኝ።

«ለተከበራችሁ ብረት ሠሪዎች በል።»

«ለኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ነው የሚባለው አያ ይስማው።»

«ሥራ አስኪያጁ ብረት ያውቃል?»

«ላያውቅ ይችላል።»

«እንግዲያ ለማያውቅ ሰው ምን ብዬ ልንገረው?»

እንዳሉኝ ጻፍኩ። «ለተከበራችሁ ብረት ሠሪዎች። የሠራችሁት መኪና ደኅና ነው። በሆዱ ውስጥ እየዞረ ነዶውን የሚመታው ከበሮ ግን ከስምንቱ መምቻ ብረቶቹ ሁለቱ ተሰብረዋል። ልኩን በገመድ ለክቼ ገመዱን ልኬላችኋለሁ። እናንተ ስትሠሩት ስላያችሁት ታውቁታላችሁ።» ገመዱን ፖስታው ውስጥ ጠቅልለው ሲከቱ እጃቸውን አይ ነበር፤ ለሩቅ ዘመድ ስንቅ የሚቋጥሩ ይመስሉ ነበር። ከብዙ ወር በኋላ በአዲሱ ስም የመጣው መልስ ሁለታችንም በማናውቀው ቋንቋ የታተመ፣ የአዲስ መኪና ሥዕል ያለበት የሚያብለጨልጭ ወረቀት ነበር። ሥዕሉን ለረጅም ጊዜ አዩት። ገለበጡት። ጀርባው ነጭ ነው። አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ያ መጀመሪያ የነገርኳችሁ ደብዳቤ በመጣ በወሩ ወኪሉ ራሱ አዲሱን መኪና በጭነት መኪና አስጭኖ ዳንግላ ገባ። የግራዝማች ገብስ ላይ ሊያሳየን ነው። ሰዉ ሁሉ ወጣ። ሾፌሩ ከነጫማው ዘሎ ወጣ፤ ዳማው ግማሽ ቀን የሚፈጅበትን አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ወቃው። ፍሬው ንጹሕ ነበር፤ ማንም ይህን አልካደም። ገበሬዎቹ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ቆሙ።

አንድ ሽማግሌ ወደ ወኪሉ ጠጋ አሉ። «ልጄ፣ ሾፌሩ እግሩን ያመዋል እንዴ?»

«ኧረ ደኅና ነው። ምነው?»

«አይ፣ ጫማውን ሲያወልቅ አላየሁምና ነው።»

ወኪሉ አልገባውም። ሌላው ጎንበስ ብሎ ከመኪናው የወጣውን ገለባ ዘገነና እፍ አለው፤ እንደ ዱቄት በነነ። «ይህን ከብት ቢበላው ያስለዋል» አለ። ዳማው ገለባውን ረዥም አድርጎ ነው የሚተፋው፤ ለከብት ይሆናል፣ ለጭቃ ይሆናል። ወኪሉ ስለ ፍጥነት ሲያወራ እነሱ ስለ ገለባ ያወራሉ። በመጨረሻ ለግራዝማች፣ ሁላችንም እየሰማን፣ «ሕዝቡ ገና ነው» አላቸው።

አያ ይስማው ያን ጊዜ ሁሉ አዲሱን መኪና እየዞሩ ዱላቸውን እዚህም እዚያም እያስነኩ ሲያዳምጡ ነበር። መጡ።

«ጥሩ መኪና ነው። ሲሰበር ማን ነው ብረቱን የሚልከው?»

«እኛ ነን የምንልከው።»

«እናንተስ ነገ ማን ትባላላችሁ?»

ወኪሉ ሳቀ፤ ቀልድ መስሎታል። አዲሱን መኪና ጭኖ ተመለሰ። ግራዝማች ሲሄድ በዓይናቸው ሸኙት።

በሚቀጥለው ዓመት የከብት በሽታ ገባ። ከጥሊሊ እስከ ዳንግላ በየደጁ በሬ ወደቀ። አውድማ የሚያበራይ በሬ የቀረለት ሰው ጥቂት ነበር፤ እህሉ ግን አፍርቶ ነበርና በየሜዳው ክምሩ ቆመ። ሁሉም ዳማውን ጠበቀ። በዚህ መሐል ከከበሮው ሦስተኛው መምቻ ብረት ተሰበረ። ግምጃ ቤት ከተማ ያለ ቀጥቃጭ የሠራላቸው ብረት በሁለተኛው ቀን እንደ ሰም ታጠፈ። አያ ይስማው አንድ ቀን ሙሉ ዳማው ሥር ተኝተው ዋሉ። በማግስቱ ያን የሚያብለጨልጭ ወረቀት ከኪሳቸው አውጥተው ጀርባው ላይ በከሰል ልክ ወሰዱ። ከዚያ በመኪናው ጎን የምትሮጠው ሰንሰለት ላይ የተገጠመውን ወፍራም የብረት ክዳን ፈቱት፤ ቆረጡት፤ ከእሱ ሦስት መምቻ ብረት አወጡ።

«የራሱ ሥጋ ነው» አሉኝ። «አይተፋውም።»

አልተፋውም። ዳማው እንደ ድሮው ወቃ። ሰንሰለቷ ግን ራቁቷን ቀረች። ገለባ እንዳይገባባት፣ የሰው ልብስም እንዳትይዝ ብለው አንድ የበሬ ቁርበት አምጥተው ከላይዋ ዘረጉ፤ በጠፍር አሰሩት። በሽታው ከገደላቸው በሬዎች የአንዱ ቁርበት ነው። ሳየው አምሮ ታይቶኝ ነበር፤ ግጥምም ጽፌለት ነበር፤ ያን ወረቀት ቀድጄዋለሁ።

በእኛ አገር ቁርበት ከተነጠፈ ሰው ይቀመጥበታል። ለእንግዳ የሚዘረጋው እሱ ነው፤ የቆመ ሰው ቁርበት ካየ ጉልበቱ በራሱ ይታጠፋል። አያ ይስማው ይህን ያውቁ ነበር። በየመንደሩ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት የእህሉን ባለቤትና ነዶ አቀባዮቹን ሰብስበው በዱላቸው እየጠቆሙ «ይህ መቀመጫ አይደለም፤ ከሥሩ ሰንሰለት አለ» ይላሉ። በየቀኑ ይሉ ነበር፤ እየሰለቸኝ ሰምቼዋለሁ።

የልመንህ ተራ የደረሰው በጥር ነው። ልመንህ የሙሉ ባል ነው፤ ለአያ ይስማው አማች። ሁለቱንም በሬዎቹን በሽታው ፈጅቶበታል። ያም ሆኖ አፉ አያርፍም። ያን ቀንም ሥራ ስላልነበረኝ አብሬ ሄጄ ነበርና ገና ሲያየኝ፣ «ገጣሚው፣ ና ነዶ ተሸከም እንጂ! እኔ ቤት ቃል በወጥ አይበላም» አለኝ። ሙሉ ጠላ ቀድታልን ከአውድማው ዳር ተመለሰች። አያ ይስማው መሬቱን በእበት ለቀለቁ፣ ጫማቸውን አወለቁ፣ ወጡ።

ያን ቀን ግን ስለ ቁርበቱ አልተናገሩም። ለባዕድ ሁሉ ይናገሩ ነበር፤ ለቤታቸው ሰው ያውቃል ብለው ዝም አሉ።

የእህሉ ባለቤት የመጀመሪያውን ፍሬ በገዛ እጁ ይቀበላል። ልመንህ በባዶ እግሩ ዳማው ላይ ወጥቶ ፍሬው ከሚወርድበት አፍ አጠገብ ቆመ። የመጀመሪያውን እፍኝ ተቀብሎ ሳመው። ከዚያም አልወረደም። ስንዴው ሲወርድ ማየት ደስ ብሎታል፤ ያን ዓመት ደስ ያሰኘው ነገር እሱ ብቻ ነበር። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትሆን ደከመው። ዞር ብሎ ቁርበቱን አየ። ጋቢውን ሰብሰብ አድርጎ ሄዶ ተቀመጠ።

ቁርበቱ በክብደቱ ጎበጠ። ሰንሰለቷ መጀመሪያ የያዘችው ቁርበቱን ነው፤ ቁርበቱ ደግሞ እግሩን ይዞ ገባ።

አያ ይስማው ዱላቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ነበር። ማንም ሳይጮህ በፊት ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። ሞተሩን ወዲያው አጠፉ። ግን ከበሮው ከባድ ነው፤ ሞተሩ ቢጠፋም በራሱ ክብደት ይዞራል፤ ሰንሰለቷም አብራው። እስኪቆም ድረስ ያለው ጊዜ ምን ያህል እንደሆነ አላውቅም። አያ ይስማው ሰንሰለቷን በእጃቸው ሊይዙ ሲጣጣሩ ሁለት ሰዎች ከኋላ አቅፈው ያዟቸው።

በቃሬዛ እስከ መንገዱ፣ በጭነት መኪና እስከ ባሕር ዳር ወሰድነው። ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። አያ ይስማው ሐኪም ቤቱ ደጅ ላይ ዘጠኝ ቀን ተቀመጡ። ለልመንህ ምግብ ሲያቀብሉ ካልሆነ አልገቡም። ያን ዘጠኝ ቀን ከአፋቸው የሰማሁት፣ «ለአማቼ ብቻ አልነገርኩ» የሚል ቃል ነው። ደጋግመው ይሉታል፤ ግማሹን በአገውኛ፣ ግማሹን በአማርኛ።

ልመንህ በክራንች ሲመለስ ግራዝማች ቤቱ ድረስ ሄዱ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ፈሪ ነበሩ። ሽማግሌዎች ባሉበት እንዲህ አሉት፦ «ዳማው ቆሞ እስከወቃ ድረስ የአንተ እህል ያለ ድርሻ ይወቃልሃል። ለመሬትህም የእኔን በሬ አውስሃለሁ። ዳማው ካለ አንተ አትራብም።» ልመንህ እጃቸውን ሳመ። በሬ የለውም፣ እግር የለውም፤ ይህ ቃል ነበረው።

የወረዳው ፖሊስ ግን ጉዳዩን ሰምቷል። መኪናው ጥፋት ካለበት ይታሸጋል፤ ሰው ራሱ በስህተቱ ከተጎዳ ይለቀቃል ተባለ። ገና ያልተወቃ ክምር በየሜዳው ቆሟል፤ ያለጊዜው ደመና ማንዣበብ ጀምሯል። ገበሬዎቹ ተሰበሰቡና ልመንህ ራሱ ሐሳብ አቀረበ፦ «ጠላ ጠጥቼ ነበር፤ ዞሮብኝ ወደቅሁ፤ ማንም ጥፋት የለበትም ብላችሁ አጽፉ። እግሬን ከሰጠሁት በኋላ ዳማው ጭምር ይወሰድብኝ?»

ጸሐፊው እኔ ነበርኩ። ጻፍኩት። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ጥሩ አድርጌ ነበር የጻፍኩት። «የደረሰው ጉዳት በሰው ቸልተኝነት ወይም በመኪናው ጉድለት ሳይሆን በራሴ መሰናከል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አስተካክዬው፣ ስጨርስ ለራሴ ጮክ ብዬ አንብቤ ተደስቼበት ነበር።

ፖሊሱ ሃምሳ አለቃ ግራዝማች ቤት በመጣ ቀን አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰብን። ልመንህ ፈረመ፤ ሁለት ሽማግሌዎች በጣታቸው ፈረሙ። የቀረው የመኪናው ኃላፊ የአያ ይስማው ፊርማ ነበር። ሙሉ ባልዋ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች።

«አንብብልኝ» አሉኝ አያ ይስማው።

አነበብኩ። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

«ቁርበቱን የት አደረስከው?»

ወረቀቱን ዝቅ አደረግሁ።

«ሃምሳ አለቃ» አሉ፣ ወደ ፖሊሱ ዞረው። «ሰንሰለቷ ክዳን ነበራት። እኔ ቆረጥኩት። በላይዋ ቁርበት አነጠፍኩ። መቀመጫ አይደለም ብዬ ለሰው ሁሉ እናገር ነበር፤ ለእሱ አልነገርኩትም። በጠላ አልሰከረም። ይጻፍ።»

«አያ ይስማው» አለ ልመንህ በቀስታ፣ «ዝም ይበሉ።»

«ግራዝማች ያውቁ ነበር?» አለ ፖሊሱ።

ግራዝማች ከአያ ይስማው ቀደም ብለው መለሱ። «እኔ ብረት አላውቅም! ራሱ እኮ ነው ቆረጥኩ የሚለው። ጻፍ፣ እንዳለው ጻፍ!» ፊታቸው ላይ ያየሁት እፎይታ ዛሬም አስቀያሚ ሆኖ ይታየኛል።

«ጥፋቱ የእኔ ከሆነ ዳማው ይታሸጋል» አሉ አያ ይስማው። «ይታሸግ። ሌላ ክዳን የሚሆን ብረት የለኝም። የሚልክልኝም የለም። ትናንት መጋዘን ስገባ የግራዝማች ሠራተኞች አዲስ ቁርበት አንጥፈውበታል።»

«ይንጠፍ!» ልመንህ በክራንቹ ተንጠራርቶ ተነሣ። «እግሬ ሄዷል፣ እርስዎ ተናገሩ አልተናገሩ አይመለስም። ዳማው ግን ቆሟል። የቆመውን ለምን ይጥሉብኛል? ልጆቼ ምን ይብሉ?»

«ነገ ሌላ ሰው ይቀመጥበታል፣ ልመንህ።»

«ይንገሩታ! ለሌላው ሁሉ ይነግሩ የለ!»

ሽማግሌዎቹ ወደ መሬት አዩ። ፖሊሱ የእኔን ወረቀት ለሁለት ቀድዶ ንጹሕ ወረቀት ሰጠኝ። አያ ይስማው ቃል በቃል አስጻፉኝ፤ በዚህኛው ላይ አንድም ያማረ ነገር የለም። ብዕሩን ተቀብለው በዚያ በጎደለ ጣታቸው አጠገብ ይዘው ፈረሙ።

ልመንህ እስኪፈርሙ ድረስ ቆሞ ጠበቀ።

«እግሬን ይቅር ብዬዎት ነበር» አለ።

ከዚያ ወደ በሩ ዞረ። ልደግፈው ብነሣ በክራንቹ ገፋኝ። ደጃፉ ጋ ሲደርስ ወደ ኋላ ሳይዞር፣ «ሙሉ፣ ነይ» አለ።

ሙሉ ተነሣች። ወንድምዋ ፊት ለፊት ቆመች፤ አንድ ነገር የምትለው መስሎን ሁላችንም ጠበቅን። አያ ይስማው ቀና ብለው አዩዋት። ነጠላዋን አጣፋች፤ ባልዋ የረሳውን ባርኔጣ ከወለሉ አነሣች፤ ወጣች፤ በሩን ከኋላዋ ራሷ ዘጋችው።